«ካርታው በስሜ ነው፣ ሌላ ምን ቀረኝ?» ቤት ለሚሸጡ አንባቢዎች የተሰጠ መልስ

ቤት ስለመሸጥ የሚጽፉልን አንባቢዎች በዝተዋል። ደብዳቤዎቻቸውን ሳነብ ደጋግሞ የሚታየኝ ነገር አለ። ሰው ቤት ሲገዛ ይጠነቀቃል። የቤቱን ማህደር ያስመረምራል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ጠበቃ ያማክራል። ሲሸጥ ግን «እኔ ምን አለብኝ፣ ብሩን የምቀበለው እኔ ነኝ» ይላል። ቤቱን ሸጦ በፍርድ ቤት ደጅ የሚንከራተት ሻጭ ግን ጥቂት አይደለም። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ስለመጡ መልሶቹም የአዲስ አበባን አሠራር የተከተሉ ናቸው። የክልል አንባቢዎች የየክልላችሁ የቤተሰብ ሕግና የመሬት አሠራር ሊለይ እንደሚችል ያዙልኝ።

«ኮተቤ ውስጥ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለኝ። ካርታው የወጣው በእኔ ስም ብቻ ነው። ባለቤቴ ሪያድ ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ቤቱን ሸጬ ንግድ ልጀምር አስቤያለሁ። ደላላው ‹ካርታው ላይ ያለው ስምህ እስከሆነ ድረስ ማንም አይጠይቅህም› ብሎኛል። እውነት ነው?»

አይደለም ወንድሜ። ካርታ ላይ ያለ ስም ብቻውን ቤቱን ያንተ የግል ንብረት አያደርገውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። የተጋቢዎች ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከጋብቻ በፊት ያፈራኸው ወይም በውርስና በስጦታ ያገኘኸው ከሆነ ነገሩ ይለያል። እሱንም ቢሆን የምታስረዳው አንተ ነህ።

ከእሷ ተደብቀህ ሸጥከው እንበል። አንቀጽ 69 ባለቤትህ ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት እንድትጠይቅ ይፈቅድላታል። ሽያጩን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 6 ወር አላት፤ ባታውቅም ውሉ ከተደረገ እስከ 2 ዓመት። ይህ ማለት አንተ ብሩን ንግድ ውስጥ ከከተትከው በኋላ ውሉ ሊፈርስና ገዢው ገንዘቤን መልስ ሊልህ ይችላል ማለት ነው። ያኔ ከየት ታመጣዋለህ?

«ማንም አይጠይቅህም» የሚለውም ልክ አይደለም። ውልና ማስረጃ (የዛሬ ስሙ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፣ ሰዉ ግን አሁንም ውልና ማስረጃ ነው የሚለው) ስትቀርብ ያገባህ ከሆንክ የባለቤትህ ፊርማ ወይም ውክልና፣ ካላገባህ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ትጠየቃለህ። አንዳንድ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ሚስት እያለው ያላገባ ማስረጃ የሚያወጣበት መንገድ ይፈልጋል፣ የሚያመቻችለት ደላላም አያጣም። እንዳታስበው። እሱ የቤት ሽያጭ መሆኑ ይቀርና የሐሰት ሰነድ ጉዳይ ይሆናል፣ በወንጀል ያስጠይቃል።

መንገዱ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሪያድ ኤምባሲ አለን፣ ጅዳም ቆንስላ አለን። ባለቤትህ ቀርባ «ቤቱን እንዲሸጥ» የሚል ውክልና ትሰጥሃለች፣ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይዘኸው ትሄዳለህ።

ሕጉን ትተን ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ። ሰባት ዓመት በሰው አገር በሰው ቤት ላቧን ያንጠፈጠፈች ሴት ቤቷ መሸጡን ከጎረቤት ስልክ መስማት የለባትም። ንግዱ ጥሩ ሐሳብ ከሆነ ንገራት። ትስማማ ይሆናል። ካልተስማማች ደግሞ ላለመስማማት መብት አላት።

«እኔና ባለቤቴ ሳሪስ ያለውን ቤታችንን በ14 ሚሊዮን ብር ለመሸጥ ተስማምተናል። ገዢው ግን ውሉ ላይ 5 ሚሊዮን ብቻ ይጻፍ አለ። ደላላውም ‹ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ለእናንተም ግብር ይቀንሳል› አለን። ገዢው 9 ሚሊዮን አሁን ሰጥቶ 5ቱን ስም ሲዛወር ሊጨርስ ነው። ይሁን ልበል?»

እህቴ፣ አትበዪ። ለጥያቄሽ ረዘም ያለ መልስ የምሰጠው በየሳምንቱ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ውሉ ላይ ምን እንደሚጻፍ እንይ። ዋጋው 5 ሚሊዮን ብር ይባላል። ከሥር «ሻጮች ሙሉውን ገንዘብ ቆጥረን ተቀብለናል» የሚል መስመር ይገባል። ይህን መስመር ብዙ ሻጭ ሳያነበው ነው የሚፈርመው። አንቺም ትፈርሚያለሽ፣ ባለቤትሽም ይፈርማል። ስም ከተዛወረ በኋላ ገዢው ቀሪውን 5 ሚሊዮን አልሰጥም ቢል በእጅሽ ያለው ማስረጃ ምንድን ነው? ቤቱ በ5 ሚሊዮን ተሸጦ ክፍያው አልቋል የሚል፣ አንቺው የፈረምሽበት ወረቀት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 የጽሑፍ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ለያዘው ቃል በቂ ማስረጃ ነው ይላል። ደላላውን ምስክር አድርገሽ ያንን ወረቀት ማስተባበል እጅግ ከባድ ነው። ደላላው ለመመስከር ፈቃደኛ ከሆነ ነው ደግሞ።

«የጎን ውል እንጽፋለን» ይሉሻል። ሁለት ገጽ ወረቀት፣ ሦስት ምስክር፣ እውነተኛው ዋጋ። ያ ወረቀት በውልና ማስረጃ አልተመዘገበም። ከዚያም አልፎ ሁለታችሁም ዋጋ ደብቃችሁ እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ነው። ፍርድ ቤት ይዘሽው ስትቀርቢ ራስሽንም ታጋልጪያለሽ።

አሁን ወደ ግብሩ። «ለእናንተም ይቀንሳል» ያለሽ ሰው ነገሩን በደንብ አላየውም። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፣ የሚከፍለውም ስሙን የሚያዛውረው ገዢ ነው። የ14 ሚሊዮን 2 በመቶ 280,000 ብር፣ የ5 ሚሊዮን ደግሞ 100,000 ብር ነው። ልዩነቱ የገባው ገዢው ኪስ ነው። እሱም ከተሳካለት ነው፤ ምክንያቱም መንግሥት የራሱ የቤት ግምት አለው፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ከግምቱ ካነሰ የሚሰላው በግምቱ ነው። በሻጭ በኩል ያለው ደግሞ ከሽያጩ በተገኘ ትርፍ ላይ የሚጣለው 15 በመቶ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት ያገለገለን ቤት ከዚህ ግብር ነፃ ያደርጋል። እናንተ ራሳችሁ ስትኖሩበት የቆያችሁ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለመሆኑ ይህ ግብር ይመለከተኛል ወይ?» ነው። «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ቃል ግን አትዝለዪው። የፊት ለፊቷን ክፍል ለሱቅ አከራይታችሁ ከነበረ ጥያቄ ይነሳል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ስለዚህ በቃል የነገሩሽን ይዘሽ አትሂጂ፣ ገቢዎች ቅርንጫፍ ስሌቱን በወረቀት ሠርቶ ይስጥሽ።

እንግዲህ አስቢው። እናንተ ምናልባት ጭራሽ የማትከፍሉትን ግብር «ለመቀነስ» ብላችሁ 9 ሚሊዮን ብር ከወረቀት ውጭ ልታደርጉ ነው። ያ ብር ባንክ ሲገባም ከየት መጣ ብትባሉ የምታሳዩት ውል 5 ሚሊዮን ነው የሚለው። ለገዢው «ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍ፣ ቀሪው መቼና እንዴት እንደሚከፈልም ውሉ ላይ ይግባ» በዪው። ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። «ሙሉውን ተቀብለናል» የሚለው መስመር ወጥቶ «9 ሚሊዮን ተቀብለናል፣ 5 ሚሊዮን ይቀራል» ተብሎ ይጻፍ። ገዢው በዚህ ምክንያት ጥሎ ከሄደ ይሂድ። ሌላ ገዢ ይመጣል።

«ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ገብቼበታለሁ፣ ግን ገና 5 ዓመት አልሞላም። ጓደኞቼ ‹ውክልና ስጥና ብርህን ተቀበል፣ ሸጥክ ማለት ነው› ይሉኛል። ውክልና መስጠት ከመሸጥ በምን ይለያል?»

በሁሉም ነገር ይለያል። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ከተረከብከው 5 ዓመት ሳይሞላ ለሦስተኛ ወገን እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ውክልናው ይህን ክልከላ አያነሳውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ።

ውክልና ማለት «በእኔ ስም ሥራልኝ» ማለት ነው። ቤቱ ያንተው ሆኖ ይቀጥላል። የንግድ ባንክ ብድሩም በስምህ ይቀጥላል። ብሩን የሰጠህ ሰው ወርሃዊ ክፍያውን ቢያቆም ባንኩ የሚፈልገው አንተን ነው። ይህን ብዙ ወጣት አያስበውም፤ ብሩን ተቀብሎ መኪና ገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ከባንክ ደብዳቤ ሲደርሰው ይደነግጣል። በሌላ በኩል ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፣ ወካይ ሲሞት ደግሞ ይቀራል። አንተ አንድ ነገር ብትሆን ወራሾችህ «የአባታችን ቤት ነው» ብለው ይመጣሉ፣ ያ ሰው ደግሞ «ከፍዬበታለሁ» ይላል። ልጆችህን ከማታውቀው ሰው ጋር ፍርድ ቤት እየገተርካቸው ነው።

ገንዘቡ ለምን እንዳስፈለገህ አልጻፍክም። አስቸኳይ ከሆነ ማከራየትን አስብ። ካልሆነ የቀሩትን ዓመታት ጠብቅና በስምህ፣ በቀን ብርሃን፣ በሙሉ ዋጋው ሽጠው። በውክልና የሚሸጥ ቤት ገዢው አደጋውን ስለሚያውቅ ሁልጊዜም ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

«ከአንድ ገዢ 300,000 ብር ቀብድ ተቀብዬ ነበር። አሁን 1 ሚሊዮን ጨምሮ የሚገዛ ሰው መጣ። ቀብዱን ከመለስኩለት በቂ አይደለም?»

በቂ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ የምትመልሰው 600,000 ብር ነው። «ውሉ በውልና ማስረጃ ስላልተመዘገበ ዋጋ የለውም» ብሎ የሚከራከርልህ ጠበቃ ታገኝ ይሆናል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ መመዝገብ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ስለሚል ክርክሩ መነሻ አለው። ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ ላይ እግድ ሊወጣ ይችላል፣ እግድ ያለበትን ቤት ደግሞ ያ 1 ሚሊዮን የጨመረው ሰውም አይገዛህም። ቃልህን ብትጠብቅ ይሻልሃል ባይ ነኝ። ካልሆነም እጥፉን ከፍለህ በወረቀት ተለያዩ።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወላጆቻችን ጉለሌ ጥለውልን የሄዱት 300 ካሬ ቦታ አለ፣ ላዩ ላይ ያለው አሮጌ ቤት ነው። አምስት ወንድማማችና እህትማማች ነን። የሁሉም ታላቅ እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከአሥር ዓመት በፊት በሰጠሁት ጠቅላላ ውክልና መሬቱን እንዲሸጥልን ፈልጌ ነበር። ምን ይቀረናል?»

ጋሼ፣ ጥቂት ነገሮች ይቀራሉ፣ አንድ በአንድ እንሂድባቸው።

መጀመሪያ፣ መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ የመጠቀም መብቱ አብሮት ይተላለፋል። አሮጌ ነው ያሉት ቤት ለዚህ ነው ዋጋ ያለው። «ለገዢ እንዲያምር» ተብሎ እንዳይፈርስ አደራ። ካርታ ከሌለው፣ ወይም በወላጆቻችሁ ስም እንዳለ ከተቀመጠ፣ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ሁለተኛ፣ ታላቅ መሆን ለሽያጭ ሥልጣን አይሰጥም። ወግና ክብር ነው፣ ሕጉ ግን አምስታችሁንም እኩል ነው የሚያያችሁ። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል፣ አምስታችሁም ትስማማላችሁ፣ ትፈርማላችሁ ወይም ትወክላላችሁ። ከወራሾቹ መካከል በሕይወት የሌለ ካለ የእሱ ልጆች በቦታው ይገባሉ። ከእነሱ ውስጥ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ደግሞ ሞግዚቱ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ድርሻውን አይሸጥም። ብዙ የውርስ ሽያጭ መጨረሻ ላይ የሚሰናከለው እዚህች ጋ ነው፣ ሁሉም ከተስማማና ገዢም ከተገኘ በኋላ።

ሦስተኛ፣ የአሥር ዓመቱ ውክልና። «ጉዳዮቼን ሁሉ እንዲያስፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ሄደው አዲስ ውክልና ይስጡ። ቤቱ የሚገኝበት ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ «እንዲሸጥ፣ ገንዘብ እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉበት። «እንዲሸጥ» ተጽፎ «ገንዘብ እንዲቀበል» ተረስቶ እንደገና ከባሕር ማዶ የተላከ ውክልና ብዙ ነው። ዜግነትዎን ቀይረው ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎን አብረው ያዘጋጁ።

አንድ ያልጻፉት ነገርም አለ። እዚያ አሮጌ ቤት ውስጥ አሁን ማን ነው የሚኖረው? ከወራሾቹ አንዷ ከሆነች፣ እናትና አባታችሁን ያስታመመችውም እሷ ከሆነች፣ ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት እሷ የት እንደምትገባ ተነጋገሩ። አሜሪካ ሆኖ «እንሽጠው» ማለት ይቀላል። እዚያው ላደገችውና እዚያው ለቀረችው ግን መኖሪያዋ ነው።

«ካርታዬ ንጹህ ነው፣ ዕዳም የለብኝም፣ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ገዢ እስኪመጣ ከመጠበቅ ሌላ ምን ላድርግ?»

ሜትር ያዝና አጥርህን ለካ። እውነቴን ነው። ካርታው 175 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ግን 190 ካሬ አቅፎ ይሆናል፤ ወይም ከ15 ዓመት በፊት ከጀርባ የሠራሃት ሁለት ክፍል ሰርቪስ ፈቃድ የላትም። ይህ የሚታወቀው ገዢው ቀብድ ከፍሎ፣ ስም ለማዛወር ባለሙያ ለልኬት ሲመጣ ነው። ከዚያ ፋይሉ ይቆማል። ገዢው ይበሳጫል፣ ዋጋ ቀንስ ይላል፣ አንተም ትቀንሳለህ። አስቀድመህ ካወቅከው ግን ወይ ታስተካክለዋለህ ወይ ለገዢው በግልጽ ትነግረዋለህ።

ክፍለ ከተማ ሄደህ ማህደርህን እይ። ያልሰማኸው እግድ ተመዝግቦበት ሊሆን ይችላል። ለወንድምህ ብድር ዋስ ሆነህ ቤቱን አስይዘህ ከነበረ ብድሩ ቢያልቅም እንኳ የባንኩ መልቀቂያ ደብዳቤ ማህደሩ ውስጥ መግባቱን አረጋግጥ። የዓመት ግብር ወይም የሊዝ ክፍያ ካለ ዘግተህ ደረሰኙን ያዝ። ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ ደግሞ በአዲሱ የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ የ2 ዓመት ነው። ተከራዩን በድንገት ውጣ ማለት አይቻልም፤ ውሉን ለገዢው አሳየው።

«አምስት ደላላ ነግሬያለሁ፣ አንዱ 8 ሚሊዮን፣ ሌላው 11 ሚሊዮን ብሎ እያዞረው ነው። ብዙ ደላላ ሲኖር ቶሎ አይሸጥም እንዴ?»

አይሸጥም። ገዢ አንድን ቤት በሦስት ዋጋ ሲሰማ «ይሄ ነገር ችግር አለበት» ብሎ ይሸሻል። ደላላ «የመጨረሻህ ስንት ነው?» ሲልህ መልስህን መነሻ አድርጎ ከላይ የራሱን ሊጨምር እንደሚችልም እወቅ። አንድ ወይም ሁለት የምታምናቸውን ያዝ፣ አንድ ዋጋ ስጣቸው። ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ሁለት በመቶ የሚባለው ልማድ ስለሆነ መደራደር ትችላለህ። ገዢውን ደግሞ ከመፈረምህ በፊት በአካል አግኘው፣ ስንት እንደሚከፍልም ከራሱ አፍ ስማ።

«ቁልፍ መቼ ላስረክብ? ገዢው እቃውን ማስገባት ይፈልጋል፣ ስም ግን ገና አልተዛወረም።»

ውሉ ላይ የተስማማችሁበት ቀን ሲደርስ ያስረክቡ። ያ ቀን ከመጨረሻው ክፍያ እንዳይቀድም ግን አስቀድመው ያስጽፉት። እቃ አስገብቶ መኖር የጀመረን ሰው ገንዘብ አልጨረስክም ብሎ ማስወጣት የዓመታት ሥራ ነው። ያስረከቡ ዕለት የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ ሁለታችሁም ባላችሁበት ፎቶ አንሱት፣ ቀኑንም ጨምሮ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ተፈራረሙ። ቆጣሪው በእርስዎ ስም እስካለ ድረስ የእሱ ፍጆታ በእርስዎ ስም ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ የቆጣሪ ስም ዝውውሩንም በዚያው ሳምንት ያስጨርሱት።